ድሬድ፦ ግርማ ሌሊትን የሚያውቅ ሰው የሚረዳው የእንግሊዝኛ ቃል

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ተርጓሚ አንድ ገጽ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ወደ አማርኛ የምትመልሰው የቆየ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነበር፤ የተቸገረ ሰው ለንጉሡ ያቀረበው ልመና። የመጀመሪያውን መስመር «እጅግ አስፈሪ ንጉሥ ሆይ» ብላ አስቀምጣዋለች። «ጋሼ፣ መዝገበ ቃላቱ የሚለው ይህንኑ ነው» አለችኝ። «ግን ሰውየው እኮ ለማኝ ነው። የሚለምን ሰው ንጉሡን ‘አስፈሪ’ ብሎ ይጀምራል?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። መዝገበ ቃላቱም አልዋሸም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ትንሽ አይደለምና ያን ዕለት ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስናወራበት ቆየን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ወሬ ልጅ ነው።

ቃሉ «ድሬድ» ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ይህን ቃል ቢያነሡ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጸጉር ነው፤ ተገምዶ ትከሻ ላይ የሚወርደውን ጸጉር። ወደ ጸጉሩ ኋላ እመለሳለሁ፤ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት በር አለውና። ቃሉ ራሱ ግን ከጸጉሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል፤ ትርጉሙም ፍርሃት ነው። የትኛው ፍርሃት እንደሆነ መለየቱ ነው ሥራው።

እንግሊዝኛ የፍርሃት ቃላት ሞልተውታል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ቦታ አለው። «ፊር» ጠቅላላውን ፍርሃት ይይዛል። «ፍራይት» ድንገተኛ ድንጋጤ ነው፤ ውሻ ከአጥር ሥር ዘልሎ ሲጮህ የሚሰማን ዓይነት። «ቴረር» ጉልበት የሚያርድ ሽብር ነው። «ሆረር» ዘግናኝ ነገር ያየ ሰው ስሜት ነው። «ድሬድ» ከእነዚህ የሚለየው ገና ያልደረሰውን ነገር የሚመለከት በመሆኑ ነው። ነገሩ አልመጣም፤ መምጣቱ ግን የማይቀር ይመስላል፤ ሰውየውም ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

መርዶ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ስሜት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በር ይንኳኳል። ሲከፈት የዕድሩ ዳኛ ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱም ኋላ በዚህ ሰዓት መጥቶ የማያውቅ አጎት። ሴቶቹ ራቅ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «እንደምን አደራችሁ» ይባላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመለሳል። ጋቢ ይስተካከላል፣ በርጩማ ይሳባል። አንደኛው ሽማግሌ «እስቲ ቁጭ በሉ» ይላሉ። ከዚያች «ቁጭ በሉ» ጀምሮ የሟቹ ስም እስኪጠራ ድረስ ያለችው ጊዜ፣ የቤቱ ሰው አንዱን ዘመድ ከሌላው እያፈራረቀ «እሱ ይሆን? እሷ ትሆን?» የሚልባት ጊዜ፣ እሷ ናት ድሬድ። ስሙ ከተጠራ በኋላ ያለው ሌላ ነው፤ ልቅሶ ነው፣ ሐዘን ነው። በባዕድ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ሲጮህ፣ አንሥተው «ሃሎ» እስኪሉ ድረስ ባለው ጊዜ ያውቁታል።

ታዲያ አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል የለውም? አለው፤ አንድ ሳይሆን የተበታተኑ ብዙ ቃላት። «ስጋት» ጊዜውን ይይዛል፤ ወደፊት ያለውን ነው የሚመለከተው። ክብደቱ ግን ይቀልላል፤ ዝናብ እንዳይመታን ስንሰጋም ያው ቃል ነው። «ፍርሃት» ክብደቱ አለው፤ ጊዜ ግን አይለይም። እኔ ለድሬድ ቅርብ ሆኖ የማገኘው «ሆዴን ባር ባር አለው» የሚለው አነጋገራችን ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ወይም ታውቆም ሳይነገር፣ ሆድ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለና። ቀለል ላለው የዕለት ተዕለት አጠቃቀም ደግሞ «ቀፈፈኝ» አለን። እንግሊዛዊ ሰኞን «ድሬድ» አደርገዋለሁ ቢል፣ የእኛ ሰው «ሰኞን ሳስበው ይቀፈኛል» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እያወሩ ነው።

ምክንያት አልባነቱን ካነሣሁ አይቀር አንድ የፍልስፍና ታሪክ ልጨምር። የኮፐንሃገኑ ፈላስፋ ኪርከጋርድ እ.ኤ.አ. በ1844 በዴንማርክ ቋንቋ «አንግስት» ስለሚባለው ስሜት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ፍርሃት የሚፈራው ነገር አለው፤ አንበሳ፣ ጅብ፣ ጦር። «አንግስት» ግን በጣት የሚጠቆም ነገር የለውም፤ በገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከመውደቁ በላይ፣ ራሱን ሊወረውር የሚችል መሆኑ የሚያዞረው ዓይነት ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1944 ሲሆን፣ ተርጓሚው ለርዕሱ የመረጠው ቃል «ድሬድ» ነበር። በ1980 የወጣው ትርጉም ግን ቃሉን ትቶ ጭንቀት የሚል ፍቺ ያለውን «አንግዛይቲ»ን ወሰደ። ያው መጽሐፍ በመጀመሪያው ርዕሱ የነፍስ ጉዳይ ይመስላል፤ በሁለተኛው የሐኪም ቤት ጉዳይ። ለእኔ የመጀመሪያው ይበልጣል፤ የሁለተኛውን ጥንቃቄ ግን እረዳለሁ።

የቃሉ ሥር ራሱ ደስ ይላል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦንድሬዳን» የሚል ግሥ ነበር። የሥርወ ቃል አጥኚዎች በብዛት ለሁለት ይከፍሉታል፦ «ኦንድ» ተቃውሞን ያመለክታል፣ «ሬዳን» መምከር ነው። ይኸው «ሬዳን» ዛሬ ማንበብ ማለት ለሆነው «ሪድ» አባቱ ነው። እንግዲህ መፍራት ማለት መጀመሪያ «አትሂድ ብሎ መምከር» ነበር ማለት ነው፤ ልብ ለእግር የሚሰጠው ምክር። ከጊዜ በኋላ ተናጋሪዎቹ ቃሉን በተሳሳተ ቦታ ቆረጡት፤ የፊተኛው ክፍል «ድ» ከኋለኛው ጋር ተጣብቃ ቀረች። በ14ኛው መቶ ዘመን ገጣሚዎች ዘንድ ደግሞ «ያለ ድሬድ» ማለት «ያለ ጥርጥር» ማለትም ነበር። የሚፈራና የሚጠራጠር ሰው ፊታቸው አንድ መሆኑን አስተውለውታል።

አሁን ወደ ወጣቷ ተርጓሚ ገጽ እንመለስ። «ድሬድ» ግሥና ስም ብቻ አይደለም፤ ቅጽልም ነበር። መዝገበ ቃላት «ያረጀ» የሚል ምልክት የሚያደርጉበት ይኸኛውን ነው። በዚህ አጠቃቀሙ ከንጉሥ፣ ከጌታ፣ ከዳኛ ስም ፊት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቹ ለንጉሡ በጻፉት የምስጋና ቃል ይከፈታል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ንጉሣቸውን የሚጠሩት «እጅግ ድሬድ የሆንህ ንጉሥ» ብለው ነው። እነዚያ ሊቃውንት ንጉሣቸውን ጭራቅ ነህ ማለታቸው አልነበረም። ፊትህ ስንቆም ጉልበታችን ይርዳል፣ ይህም ክብርህ ነው ማለታቸው ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቶ መሰላሉን ካየ በኋላ ሲነቃ የሚናገረው ቃል አለ፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 28። በ1611ዱ እንግሊዝኛ፣ ይህ ስፍራ እንዴት «ድሬድፉል» ነው፣ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም ይላል። ቃሉ በዚያ ዘመን «በድሬድ የተሞላ» ማለት ነበር። ዛሬ ግን አንድ እንግሊዛዊ ሆቴል ገብቶ ቦታውን «ድሬድፉል» ቢለው፣ አንሶላው ቆሽሿል፣ ውኃው ቀዝቅዟል፣ ገንዘቤን መልሱልኝ ማለቱ ነው። ዝናብ ሲውልም ቀኑ ድሬድፉል ይባላል፤ ነቢዩ ሚልክያስም ስለ ታላቁ የእግዚአብሔር ቀን ሲናገር በ1611ዱ መጽሐፍ ያው ቃል ነው የተሰጠው። ይህን የማያውቅ የዛሬ አንባቢ የያዕቆብን ቃል ሲያነብ ሰውየው በአዳሩ ያማረረ ይመስለዋል። አዳዲሶቹ ትርጉሞች ስለዚህ «ኦውሰም» ወደሚለው ቃል ሄዱ፤ እሱም ፍርሃትና አክብሮት ተደባልቀው የሚሰጡት ስሜት ነበር፤ አሁን ግን ለጣፈጠ ምግብም ይባላል። ትልልቅ ቃላት ብዙ እጅ ሲነካቸው ይሳሳሉ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ቋንቋ ልቤን የሚያሞቀው፤ ይህ ሁሉ ታሪክ በራሳችን ቤት ውስጥ አለና።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማታ ማታ ኩራዙን እፍ ከማለታቸው በፊት በራችን ላይ ቆመው ያማትቡና «ከግርማ ሌሊት፣ ከድምፀ አራዊት ሰውረን» ይሉ ነበር። ከውጭ የሚሰማው የጅብ ድምፅ ስለነበረ ድምፀ አራዊት ይገባኝ ነበር። ግርማ ሌሊት ግን አልገባኝም። እኔ የማውቀው ግርማ ግርማ ሞገስ ነው፤ ሰው የሚመረቅበት፣ ሽማግሌ የሚወደስበት። «እማማ፣ ግርማ ጥሩ ነገር አይደል? ሌሊት ግርማ ካለው ለምን እንሸሸዋለን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ግርማ ማለት የሚያስፈራ ማለት ነው» አሉኝ። «ንጉሥም ግርማ አለው፣ ሌሊትም ግርማ አለው። ንጉሡ ፊት ትሰግዳለህ፤ ከሌሊቱ ትሰወራለህ።» ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የቃሉን ፍቺ ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሊቅ አላገኘሁም።

ንግግሩ ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ መዝሙር 90 ላይ «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም ይላል። በግእዝ «ገረመ» አስፈራ ማለት ነው፤ «ግርማ» ፍርሃትን የሚያመጣው ነገር ነው፤ «ግሩም» የሚያስፈራ ነው። ለእግዚአብሔር ግሩም ሲባል መላእክት ፊቱ የሚርዱለት ማለት ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር ለዘብ አለ። ዛሬ ግሩም ድርሰት፣ ግሩም ወጥ እንላለን፤ በጣም ጥሩ ማለታችን ነው። «ይገርማል» ደግሞ በቀን ሃያ ጊዜ ከአፋችን ይወጣል፤ የታክሲ ወረፋ ረዘመ፣ ይገርማል፤ ልጁ አደገ፣ ይገርማል። ከዚያች ተራ ቃል ሥር የጉልበት መራድ ተቀብሯል። እንግሊዝኛው «ድሬድፉል» ወደ መጥፎ ሲወርድ የእኛው «ግሩም» ወደ ጥሩ ወጣ፤ መነሻቸው ግን አንድ ደጅ ነው። የንጉሥ ማዕረግ የሆነው «ግርማዊ» ብቻ ከቀድሞ ቦታው አልተነቃነቀም።

የቃሉን ሙሉ ክብደት መስማት የሚፈልግ ሰው ቅዳሴ ይሂድ። ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ሲል ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አንድ ላይ ይጎነበሳል፤ የነጠላው ሹክሹክታ ይሰማል፣ ሕፃናት እንኳ ዝም ይላሉ። እዚያ ቦታ ላይ ሮጦ ለማምለጥ የሚያስብ የለም። ይህ ሰውን ወደ ፊት የሚስብ ፍርሃት ነው፤ የ1611ዱ «ድሬድ» የሚናገረው ይህንን ነበር።

ይህንኑ ቃል በስሟ ስለያዘች አንዲት መርከብም ላንሣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1906 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በፖርትስማውዝ ወደብ አንዲት የጦር መርከብ ባሕር ላይ አወረደ፤ ስሟ «ድሬድኖት»። ቃሉ ሲፈታ «ምንም አትፍራ» ነው። ከእሷ በፊትም በዚህ ስም የተጠሩ የእንግሊዝ መርከቦች ነበሩ፤ አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ተሰልፋለች። የ1906ዋ ግን አፈ ሙዛቸው 12 ኢንች የሆኑ 10 መድፎችና የእንፋሎት ተርባይን ይዛ ስትመጣ፣ በሌሎች ባሕር ኃይሎች ያሉ የጦር መርከቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆኑ። ስሟ የዓይነቱ ስም ሆነና በየአገሩ የተሠሩት ተከታዮቿ «ድሬድኖት» ተባሉ፤ ከእሷ በፊት የተሠሩት ደግሞ «ቅድመ ድሬድኖት»። «ምንም አትፍራ» የሚል ስም የያዘች መርከብ ታላላቆቹን መንግሥታት ወደ መርከብ እሽቅድምድም አስገባቻቸው፤ እያንዳንዱም የሌላውን አዲስ መርከብ እያየ ያልመጣውን ጦርነት መጠበቅ ያዘ። ከስምንት ዓመት በኋላ መጣ።

ወደ ጸጉሩ ልመለስ። በጃማይካ የራስ ተፈሪያን እምነት የተነሣው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ነው። ከአማኞቹ ብዙዎች በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ያለውን የናዝራዊነት ስእለት ተከትለው ምላጭ ከራሳቸው አራቁ። የተገመደው ጸጉር «ድሬድሎክስ» ተባለ፤ ባለ ጸጉሩም በአጭሩ «ድሬድ»። ለምን ይህ ቃል? አንደኛው ማብራሪያ፣ ጸጉሩ ለሚያየው ሰው አስፈሪ ስለነበረ ነው ይላል፤ በዚያ ዘመን የኪንግስተን ከተሜ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበርና። ሌላው፣ ባለ ጸጉሩ ራሱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ስለሆነ ነው ይላል። ሁለቱ ማብራሪያዎች የተጣሉ ይመስላሉ። ያዕቆብን የሰማ ሰው ግን ሁለቱም በአንድ ቃል ውስጥ እንደሚኖሩ ያውቃል፦ የሚፈራ ሰውና የሚያስፈራ ቦታ።

ከዚህ በላይ የሚደንቀኝ ግን እነሱ ራሳቸውን የጠሩበት ስም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመንገሣቸው በፊት ራስ ተፈሪ መኰንን ነበሩ። «ተፈሪ» ማለት የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። ስሙን ወደ 1611ዱ እንግሊዝኛ መልስ ብባል ከ«ድሬድ» የተሻለ ቃል አላገኝለትም። የጃማይካ አማኞች ቃሉን ሲመርጡ የአማርኛውን ፍቺ አስበው ነበር አልልም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ቆመው ስናይ አንዱ የሌላው ትርጉም መሆኑን ማስተዋል አለብን። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሕዝቡ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ከበበው፤ እሳቸውም ወዲያው መውረድ አልቻሉም። በደረጃው ጫፍ ተፈሪ፣ ከታች ድሬዶቹ። ሕዝቡ የተገፋፋው ለመሸሽ ሳይሆን ለመቅረብ ነበር።

እኛ እኮ ልጆቻችንን ተፈሪ፣ ተፈራ፣ ይፍሩ፣ ግርማ፣ ሽብሩ ብለን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ፍርሃት በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም። ፈሪ ሰው ይወቀሳል፤ ተፈሪ ሰው ግን ይመረቃል። ሁለቱንም «የሚፈራ» እንላቸዋለን፤ ፊደሉ አንድ ሆኖ ፈሪውንና ተፈሪውን የምትለየው የ«ፈ» መላላትና መጥበቅ ናት፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ያንኑ ልዩነት በአንድ ቃል ቦታ ለውጥ ይገልጸው ነበር። ከግሡ ስንቀበለው የሰውየው ፍርሃት ነው፤ ከንጉሡ ስም ፊት ሲቆም የንጉሡ ግርማ ነው።

ወጣቷም ያን ዕለት ይህን ከያዘች በኋላ እርሳሷን አንሥታ «እጅግ አስፈሪ»ን ሰረዘችው። «ግርማዊ ሆይ» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ አሰበችና እሱንም ተወችው። የቤተ መንግሥት ፕሮቶኮል ይመስላል፣ ይህ ሰውዬ ግን ድሀ ነው አለች። መጨረሻ ላይ ያጸናችው «የታፈርህ የተከበርህ ንጉሥ ሆይ» የሚለውን ነው፤ እውነተኛ ባለ አቤቱታ እንደሚጮኸው። ደስ አለኝ።

ከዚያ ገጹን ገለበጠችው። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ያው ቃል እንደገና ነበር። ሰውየው ማገዶው እንዳለቀበት ከገለጸ በኋላ፣ የሚመጣውን ክረምት «ድሬድ» አደርገዋለሁ ይላል። እዚህ ንጉሥ የለም፣ ግርማም የለም። ምንም ሳልናገር ጠበቅኋት። «የሚመጣውን ክረምት ሳስበው ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ብላ ጻፈችና ቡናዋን አነሣች።